ስርጉድ

ምንውዬለት ነው የላከህ? ደላላው? ይሁን፣ ግባ፤
እሱ ሲያወራው መኪናው ብርቅ ነው፣ የመስከረም አበባ።
እኔ ግን ልንገርህ፣ እውነቱን ከነጉዱ፤
ኮምቢው አርጅቷል፣ ረዝሞበት መንገዱ።
ተጽፏል በኖራ፣ ከፊት ከመስታወቱ፤
“የሚሸጥ” ነው እንጂ፣ “የሚጣል” አይደለም ቃላቱ።

ፈረንጅና ሚስቱ ከአገራቸው ነድተው፣
በረሃውን ጨርሰው፣ ሱዳንን አቋርጠው፣
ጣና ዳር ሲደርሱ ሞተሩ ነከሰ፤
ስልሳ ስድስት ነበር፤ አገሩም ታመሰ።
እነሱ ባይሮፕላን፤ እሱ እዚሁ ቀረ፤
ዋርካው ሥር ቆሞ ወፍ አሳደረ።
አባቴ ሽባባው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
መካኒክ ነበረ፣ ብልሽትን በጆሮው የሚለካ።
የስድስት ወር ደመወዝ ቆጥሮ በገመድ አስጎተተ፤
ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ ገብቶ ተከተተ።
“ቤት ሳይሠራ ጎማ የገዛ ማን አለ?”
ብትለው እናቴ፣ መስታወት ወለወለ።

ግፋው ጣሪያውን፤ ይነሳል እንደ ድስት ክዳን፤
እኔና ይርሳው ከላይ፣ እነሱ ከታች፣ እንደ ቀረሶ ባንድ ቅርጫት ተኛን።
መጋረጃው፣ ፋብሪካው ከጣለው ቁራጭ የተሰፋ፤
ተመልከት፣ አንዲት ሰማያዊ ክር መሐል ላይ ስትጠፋ።
ይቺን የቆርቆሮ ገንዳ፣ ዛገች ብለህ አትናቃት፤
ጥሩአየርን የአርባ ቀን ልጅ ሳለች፣ እዚች ውስጥ ነው ያጠብናት።
ተንሸራታቹ በር ርግጫ ነው ቁልፉ፤
ከታች፣ ከጥጉ፣ አንዴ፤ ከደገምከው ይዘጋል አፉ።
ኪሎ ሜትር ቆጣሪው? ከጎርጎራ ስንመለስ ቆመ፤
“ተወው” አለ አባቴ፣ “መንገድ የሚቆጥር እሱ ነው የደከመ።”

እሺ፤ አሁን ስርጉዱ ጋ ደረስክ። አውቄዋለሁ።
መዳፍህን አሳረፍክበት፤ ከንፈርህን መጠጥህ፤
“በዚች የተነሳ አምስት ሺህ ይቀነሳል” አልክ፤ እሰማለሁ።

ሰባ ሦስት፣ ነሐሴ፤ ዓባይ ከጣና ከሚላቀቅበት አፍ
ሣሩ ላይ ቆመን አደርን፤ ዝናብ፤ ጨለማው እንደ ብርድ ልብስ የሚታጠፍ።
እናቴ በሰኔ ልጅ ቀብራለች፤ የስምንት ወር፤
ከዚያ ወዲህ ከ“እሺ” በቀር ቃል አልወጣትም ነበር።
መጀመሪያ ሣር የሚነጭ ድምፅ፤ ቀጥሎ ትንፋሽ፤ ቀጥሎ
ቤታችን እንዳለ ዘመም አለ፣ ድስቱን ኩባያውን ጥሎ።
“ጉማሬ ነው” አለ አባቴ፣ ፋኖሱን በእፍታ ገድሎ፤
“ዝም በሉ፤ ጎኑን በልቶት ነው፤ ታክኮ ይሄዳል፣ ቶሎ።”
አልቸኮለም። ታከከ፣ አረፈ፣ ደግሞ ታከከ፣ እስኪረካ፤
ቆርቆሮው እንደ ሊጥ ሰርጉዶ የእናቴን ትከሻ ነካ።

ያኔ ሳቀች።
በብርድ ልብሱ አፏን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤
በግንቦት ጥሩአየር ተወለደች።

እናቴ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ይሰረጉድ ነበር።
ለአባቴ ይህን ማቃናት የአንድ ሰዓት ሥራ፣ ቀላል ነገር።
ሠላሳ ዓመት አጠበው፤ ሁለቴ ቀለሙን ቀየረ፤
መዶሻው ግን ከሳጥኑ ሳይወጣ ኖረ።

ለምን ትሸጫለሽ? ወራሽ ሦስት ነን፤ ኮምቢ ለሦስት አይቆረስ፤
ይርሳው ድርሻዬን ይላል፤ ጎማውም ጓሮዬ ቆሞ በየሳምንቱ ይተነፍስ።
ጭማቂ ቤት ላደርገው ነው አልክ፤ ሐይቁ ዳር፣ ማንጎና አቮካዶ፤
አድርገው። ወንበሩን አውጣ፣ ጣሪያውን ቅደድ፤ ማን ይከለክላል ገንዘብ ወስዶ?
ግን አምስት ሺህ አልቀንስም፤ በዚች የተነሳ እጨምራለሁ፤
ካልሆነም፣ ከጨከንክብኝም፣ በአንድ ነገር እተወዋለሁ፦
ቀለም ስትቀባው፣ መዶሻ እንዳይነካው፤
ስታቆመው ደግሞ፣ ይህ ጎን ወደ ውሃው።